ጋሽ ፍሬቻና የተሸፈነችው መብራት

ጋሽ ፍሬቻን የማያውቅ ሾፌር በከተማው ውስጥ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲያሽከረክሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ፣ መንገዱ ጭር ያለ ቢሆንም፣ ከገዛ ግቢያቸው ሲወጡ ፍሬቻ ሳያበሩ ታጥፈው አያውቁም። ቅጽል ስማቸውም የወጣላቸው ከዚሁ የተነሣ ነው። ሳያሳይ የታጠፈባቸውን ሰው ተከትለው ይሄዱና፣ መስኮቱን አስወርደው፣ "አንተ! ወዴት እንደምትሄድ እኔ በህልሜ ልየው?" ብለው ልክ ልኩን ነግረውት ይመለሳሉ። እንዲህ ያሉ ጠንቃቃ ሰው ናቸው እንግዲህ በገዛ መኪናቸው ላይ ያንን ጉድ የሠሩት።

ነገሩ የጀመረው በሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ባለቤታቸው ከቤታቸው ደረጃ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ተኝተው ከርመው ያን ዕለት መውጣታቸው ነበር። እኒህ ሴት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ጋሽ ፍሬቻ ባለቤታቸውን ደግፈው ከኋላ ወንበር አስገቧቸው፤ ጄሶ ያለበትን እግራቸውንም በወንበሩ ርዝመት ዘረጉላቸው፤ ምርኩዞቻቸውን አጠገባቸው አስቀመጡ። በሩን ሊዘጉ ሲሉ አንዲት ወጣት ከሆስፒታሉ ስትወጣ አዩ። የጎረቤታቸው ልጅ ናት። በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ኤሌትሪክ ስለምታስተምር "መምህርቷ" ትባላለች። የታመመ ባልደረባዋን ጠይቃ መመለሷ ነበር።

"እትዬ! እንኳን ለዚህ አበቃዎት!" አለች በመስኮቱ አጎንብሳ።

"አሜን፣ ልጄ። እንደ ዕቃ ተጭኜ እየሄድኩልሽ ነው" አሉ እትዬ።

"ግቢ፣ ግቢ" አሉ ጋሽ ፍሬቻ። "ወደ ሰፈር አይደለም የምትሄጂው? መንገድ ላይ አናጢው ዘንድ ትንሽ ጉዳይ አለችኝ እንጂ ቀጥታ ነን።"

መምህርቷ አመስግና ከፊት ገባች። ጋሽ ፍሬቻ ቁልፉን አዞሩ፤ መኪናው አጉረመረመና ዝም አለ። ደግመው አዞሩ። በሦስተኛው ሲነሣ መሪው፣ ወንበሩ፣ የፊት መስተዋቱ፣ የእትዬ ጄሶ ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ጀመር። መምህርቷ ዓይኗን ወደ ዳሽቦርዱ ብትጥል፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው ሥር ጣት የምታህል ጥቁር ናስትሮ ተለጥፋ አየች።

"ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?"

"የቷ?"

"ናስትሮዋ።"

"እሷማ" አሉ ጋሽ ፍሬቻ ፍሬቻ አብርተው ወደ አስፋልቱ እየወጡ፣ "የሞተር ምልክት ያለባት ቢጫ መብራት የለችም? እሷን ነው የሸፈንኳት። ማለቴ መካኒኩ ጆሮ ነው የሸፈነልኝ። ዓይኔን እየወጋች ጨጓራዬን ላጠችው።"

መምህርቷ የሰማችውን ማመን አቃታት። መካኒኩን ታውቀዋለች። የረጅም ካቻቢቴ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ደግኖ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ ነው ጆሮ የተባለው።

"መብራቷ ለምን እንደበራች ሳይታወቅ?" አለች።

"መች ሳይታወቅ! መጀመሪያ ካንዴላ ነው አለ፤ አራቱንም ቀየርን። ተመልሳ በራች። ባትሪ ነው አለ፤ ባትሪ ቀየርን። በራች። የቤንዚን ፓምፕ ነው አለ፤ እሱንም ቀየርን። አሁንም በራች! በመጨረሻ፣ 'ጋሼ፣ መኪናው ጤነኛ ነው፤ ውሸታሟ መብራቷ ናት' አለኝና ሸፈናት። ይኸው ዓመት አለፈን፤ ቆሞብኝ አያውቅም።"

"ጋሼ፣ ይህ እኮ ምርመራ አይደለም" አለች መምህርቷ፤ ድምጿ በአክብሮት ቢጀምርም እየጠነከረ ሄደ። "ይህ ግምት ነው። ያውም በእርስዎ መኪናና በእርስዎ ኪስ የተሠራ ግምት! ሐኪም ለአንድ ራስ ምታት መጀመሪያ ጥርስዎን፣ ቀጥሎ ዓይንዎን፣ ከዚያ ሐሞትዎን እያወጣ፣ አልሻል ሲልዎ 'ራስዎ ነው የሚዋሽ' ቢልዎት ዝም ይሉታል?"

ከኋላ እትዬ ከት ብለው ሳቁ። ጋሽ ፍሬቻ በመስተዋቱ በግልምጫ አዩአቸው።

"ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ መሪ የጨበጥኩት። ያን ጊዜ መኪና ኮምፒውተር አልነበረውም። ገደል ወርጄ ገደል ስወጣ የነገረኝ መብራት የለም፤ ሞተሩን በጆሮዬ፣ ፍሬኑን በእግሬ ነበር የማውቀው። አሁን እናንተ መጣችሁና መኪናን ሁሉ በሽቦ ተበተባችሁት። ቀጥላችሁ ደግሞ መመርመሪያ ማሽን አላችሁ። ማሽኑ ምን ይላል? 'ይህን ዕቃ ቀይሩ።' ማነው የሚሸጠው? የማሽኑ ባለቤት! ይህን አላውቅም መሰለሽ?"

"እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፤ አልዋሽዎትም። እነሱም ከጆሮ አይሻሉም። ግን መኪናዎ ከኮምፒውተር ጋር የተሠራ መኪና ነው፤ እንደ ድሮው ጭነት መኪናዎ ሊያክሙት አይችሉም። መብራቷ 'ይህን ቀይር' አትልም። 'አንድ ነገር ከልኩ ወጥቷል፤ ምን እንደሆነ ጠይቁኝ' ነው የምትለው። የሚጠይቅ ሲጠፋ ጥፋቱ የሷ ነው?"

ጋሽ ፍሬቻ ማርሽ ቀነሱ። ዳገት ጀምረው ነበርና መኪናው እንደሚያስለው ሽማግሌ እየተቆራረጠ ያምጥ ነበር። ከኋላቸው ያለ አውቶቡስ አከታትሎ ጥሩምባ ነፋ።

"ይህን መንቀጥቀጥ ይሰሙታል?" አለች መምህርቷ። "ከአራቱ ሲሊንደሮች በአንዱ ቤንዚኑ በጊዜው አልተቀጣጠለም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው እየሄደ እዚያ ነው የሚነደው። ከማርሚታው ፊት ለፊት፣ ከእግራችን ሥር፣ ጭሱን የምታጠራ ዕቃ አለች፤ እሷ ናት እንደ ምድጃ የምትግል። መብራቷ ዝም ብላ ከበራች ቶሎ አስመርምር ማለቷ ነው። ብልጭ ድርግም ካለች ግን አቁም ማለቷ ነው። አሁን ብልጭ ድርግም ትበል አትበል በምን እናውቃለን? ሸፍነዋታላ!"

"ኧረ ተይኝ!"

"እስቲ ላንሣትና እንያት።" እጇን ዘረጋች።

"እጅሽን!" አሉ ጋሽ ፍሬቻ እጇን መታ አድርገው። ደማቸው ፈላ። በገዛ መኪናቸው፣ በገዛ ባለቤታቸው ፊት፣ በአንቀልባ ታዝላ የሚያውቋትን ጎረቤቷን ልታስተምር! "መምህርነትሽን ለተማሪዎችሽ! እዚህ ሾፌሩ እኔ ነኝ።"

"ሾፌርማ ነዎት፤ ጠንቃቃም ነዎት። እርስዎ ሳያሳይ የታጠፈብዎትን ሰው የሚቆጡት 'ሐሳቡን አልነገረኝም' ብለው አይደለም? መኪናው ሐሳቡን ሲነግርዎት ለምን አፉን ይይዙታል?"

ይቺ ንግግር ጋሽ ፍሬቻን ከሁሉ የባሰ አናደደቻቸው፤ የምትመለስ አልነበረችምና። በዚህ መካከል እትዬ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

"አንተ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል።"

"የሆስፒታሉ መድኃኒት ነው፤ አፍንጫሽ ላይ ቀርቶ ነው" አሉ ጋሽ ፍሬቻ።

እነሆ፣ ስንት ጥፋት በዚህ ዓይነት መልስ ተሸፋፍኖ ያልፋል! ሰው ከቤቱ፣ ከመኪናው፣ ከሚስቱም ዘንድ የሚመጣበትን አቤቱታ ሁሉ እንዲህ እያጣጣለ ይኖርና፣ ነገር ከፈነዳ በኋላ "ምነው ማንም ሳይነግረኝ" ይላል። ነግረውት ነበር፤ እሱ ነው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው።

ከአናጢው ግቢ ደረሱ። ጋሽ ፍሬቻ ለባለቤታቸው መታጠቢያ ቤት የምትሆን ዝቅ ያለች ወንበር አሠርተው ነበር። ግቢው ጠባብ ነው፤ የሰጋቱራ ክምር፣ ከጣውላ ላይ የተላገ ደረቅ ልጣጭ መሬቱን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖታል። መኪናውን በዚያ ላይ አቆሙትና ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ።

"ሞተሩን ያጥፉት እንጂ፣ ጋሼ" አለች መምህርቷ።

"ካጠፋሁት ማን ያስነሣልኛል? አንቺ ትገፊዋለሽ? ደግሞ ነይ ውረጂ፤ ቁመትሽ ከእሷ ጋር አንድ ነው፤ ወንበሯ ላይ ተቀመጪና ልኳን እንይ።"

መምህርቷ ወደ ኋላ ብታይ እትዬ "ሂጂ፣ ሂጂ፤ አለዚያ ወንበሯን ሲያመላልስ ይውላል" ብለው በእጃቸው ሸኟት። በዚያ ቅጽበት የመኪናው ሆድ የነካውን መሬት አጎንብሳ አለማየቷ በኋላ ሲቆጫት ኖረ።

ከውስጥ የመላጊያው ማሽን ጆሮ ይበጥሳል። አናጢው በምልክት ሰላም ብሎ ወንበሯን አወጣ። መምህርቷ ተቀመጠችባት። ጋሽ ፍሬቻ ዞረው ዞረው አዩና፣ "ትንሽ ከፍ ትበል" ብለው በእጃቸው አሳዩ። አናጢው ከፍ ካለች ትወላገዳለች ባይ ነው። በጩኸቱ ውስጥ እየተጯጯሁ ሳሉ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ረጅም፣ ያልተቋረጠ።

"ይቺ ሴትዮ ደግሞ!" አሉ ጋሽ ፍሬቻ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ሆስፒታል አጉል አቀብጧታል። ትንሽ ብትታገስ ምን አለበት?"

"ጋሼ፣ እትዬ የተቀመጡት ከኋላ ነው" አለች መምህርቷ ፊቷ ተለዋውጦ። "ጥሩምባው ከመሪው ላይ ነው!"

ወንበሯን ገልብጣ ሮጠች። ጋሽ ፍሬቻ ተከተሏት። ከበሩ ወጡ። ከመኪናው ሆድ ሥር ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል፤ ልጣጩ ተያይዞ ነበልባሉ በጎን በኩል የመኪናውን በር ይልስ ጀምሯል። በጭሱ ውስጥ እትዬ ይታያሉ። እግራቸውን ማንቀሳቀስ ስላልቻሉ፣ ምርኩዛቸውን በፊት ወንበሮቹ መካከል አሻግረው በጫፉ ጥሩምባውን ተጭነዋል፤ እየሳሉ፣ እያለቀሱ፣ ግን አልለቀቁትም።

መምህርቷ በሩን በርግዳ ከብብታቸው ሥር ያዘቻቸው። ጋሽ ፍሬቻ ጄሶውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ሱሪያቸው እሳት እየነካው፣ ጎትተው አወጧቸው። አናጢውና ሠራተኞቹ አሸዋና ውኃ ይዘው ደረሱ። መምህርቷ ተመልሳ እጇን በመስኮት ሰድዳ ሞተሩን አጠፋች፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀችና ተረባርበው መኪናውን ከልጣጩ ላይ ገፉት። እሳቱ ጠፋ። ጉዳቱ ከወለሉ ምንጣፍና ከጥቂት ሽቦ አላለፈም። ጥቂት ቢዘገዩ ግን ምን እንደሚሆን ለማሰብ እንኳ የደፈረ አልነበረም።

እትዬን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ውኃ ጠጡ። ፊታቸው ጥቀርሻ ለብሷል። ጋሽ ፍሬቻ ከፊታቸው ተንበርክከው እጃቸውን ሊይዙ ሲሉ እትዬ እጃቸውን ነጠቁ።

"አትንካኝ!"

"አንቺ፣ እኔ እኮ…"

"ዝም በል! ዛሬ እኔ ነኝ የምናገረው። ይሸተኛል አልኩህ፤ መድኃኒት ነው አልከኝ። ጥሩምባ ነፋሁ፤ ምን አልክ? ንገረኝ፣ ምን አልክ?"

ጋሽ ፍሬቻ አንገታቸውን ደፉ። መልሳቸውን መምህርቷ ሰምታዋለች፤ አናጢውም ሰምቶታል።

"እንደ ቀበጥኩ ተናግረሃል፤ አውቅሃለሁ። ይህ እግር ለምን ተሰበረ? ስንት ጊዜ ነው 'ያዞረኛል፣ ዓይኔን ይጋርደኛል' ያልኩህ? 'ስፌት አብዝተሽ ነው፣ ትንሽ ተኚበት' ስትለኝ ከርመህ አይደለም ከደረጃ የወደቅኩት? ሐኪሙ እግሬን ጠገነ፤ ለምን እንደወደቅኩ ሲጠይቀኝ 'አዳልጧት ነው' ብለህ የመለስክለት አንተ ነህ! እኔን አላስመልስ ብለህ! አንተ ሰውዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስናገር ትሰማኛለህ፤ ካልሰማኸኝ ይህን ምርኩዝ ጥሩምባ ላይ አይደለም የማሳርፈው!"

አናጢው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ጋሽ ፍሬቻ ግን አልሳቁም። በዕድሜያቸው የተናደዱበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በራሳቸው የተናደዱት ግን ያን ቀን ነበር። ይህ ንዴት መውጫ ሲያጣ ወደ መካኒኩ ዞረ። "ጆሮውን ነው የምቆርጠው!" እያሉ ነው ቤታቸው የገቡት።

መኪናው ተጎትቶ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ተወሰደ። የተቃጠለው ሽቦ ተጠግኖ ለምርመራ በተዘጋጀ ዕለት ጋሽ ፍሬቻ መካኒኩን ጆሮን አስከትለው መጡ። መካኒኩ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ እጁ በዘይት የጠቆረ ሰው ነው። ከወርክሾፑ ሲገባ ተከሳሽ መምሰሉ አናዶታል።

"ይኸው አመጣሁት!" አሉ ጋሽ ፍሬቻ። "ሚስቴን ሊያነድልኝ የነበረው ይህ ነው! 'ውሸታሟ መብራቷ ናት' አላልክም?"

"ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የመጣሁት" አለ መካኒኩ። "አዎ ብያለሁ። ግን እርስዎስ ምን ነበር ያሉኝ? 'ምን እንደሆነች ፈልግልኝ' አሉኝ? 'ይህችን መብራት አጥፋልኝ' ነው ያሉኝ! መጀመሪያ ቀን 'እስቲ ማሽን ባለበት ይታይ' ብልዎት፣ 'አንተም የነሱ ደላላ ሆንክ?' ብለው ሰደቡኝ። እኔም ልጆች አሉኝ። ደንበኛዬን ላጣ ነው?"

ጋሽ ፍሬቻ ትዝ አላቸው። እውነት ነው፤ ብለውታል።

መምህርቷ ግን ለመካኒኩም አልራራችለትም። "ደንበኛ አጥፋልኝ ቢልህስ?" አለች። "ትኩሳት የያዘው ሰው 'ትኩሳት መለኪያውን ስበርልኝ' ቢል ይሰበርለታል? ደንበኛው አላዋቂ ነው፤ አንተ ባለሙያ ነህ። እትዬ ዛሬ በሕይወት ያሉት በምርኩዛቸው ብልሃት እንጂ በሁለታችሁ ጥንቃቄ አይደለም!"

ኮፈኑን ከፈተች። ከመሪው ሥር ካለው መሰኪያ ላይ መመርመሪያውን ሰካች፤ ናስትሮዋን ላጠችና ቁልፉን አዞረች። መኪናው እየተንቀጠቀጠ ተነሣ። ቢጫዋ መብራት ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣ ድርግም ትል ጀመር።

"ይኸው እኮ" አለች መምህርቷ። "ያን ቀን ሙሉ 'አቁሙ' ስትል ነበር።"

ጋሽ ፍሬቻ ሳያውቁት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"አሁን ማሽኑ ምን እንዳለ እንይ። ሦስተኛው ሲሊንደር በትክክል አይቀጣጠልም ይላል።"

"አላልኩም? የሦስተኛው ካንዴላ ነው" አለ መካኒኩ ቁልፍ እያነሣ።

"ቆይ!" አለች መምህርቷ። "ሰውን ሁሉ የሚያከስረው ይህ ችኮላ ነው። ማሽን አለኝ የሚለውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩን ያነብና ዕቃ ለመቀየር ይሮጣል። ማሽኑ ሦስተኛው ቤት ታሟል አለን እንጂ የበሽታውን ስም አልነገረንም። ካንዴላው ሊሆን ይችላል፤ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይል ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚን የሚረጨው ኖዝል ሊሆን ይችላል፤ ሲሊንደሩ ራሱ አፍኖ መያዝ አቅቶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምንም ሳንገዛ እንጠይቀዋለን።"

"መኪና እንዴት ይጠየቃል?" አሉ ጋሽ ፍሬቻ፤ አሁን ድምፃቸው የተቆጪ ሳይሆን የጠያቂ ነበር።

"እንዲህ።" ሞተሩን አጠፋች። ማሽኑ ያነበበውን መዘገበችና የሦስተኛውን ኮይል ነቅላ ከአንደኛው ጋር አለዋወጠችው። "ሌላ ምንም አልነካሁም። ጥፋቱ የኮይሉ ካልሆነ እዚያው ሦስተኛው ላይ ይቀራል። የኮይሉ ከሆነ ግን አብሮት ይሄዳል።"

የድሮውን መዝገብ አጥፍታ አስነሣችው። መንቀጥቀጡ አልቀረም። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ማሽኑን አዩ። ጥቂት ቆይቶ መብራቷ ተመልሳ መጣች፤ ማሽኑም አንደኛው ሲሊንደር አለ።

"ሄደ!" ብለው ጮኹ ጋሽ ፍሬቻ። "ጥፋቱ ቤት ለቀቀ! ከሦስት ወደ አንድ ገባ! አየህ አንተ? አብሮት ሄደ እኮ!"

መምህርቷ ሞተሩን አጠፋች፤ መካኒኩ ኮይሉን ነቅሎ በእጁ አገላበጠው። ከጎኑ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረው። ሲነካው ጣቱ ዘይት ሆነ።

"ዘይት" አለ ቀስ ብሎ።

"አዎ፣ ዘይት" አለች መምህርቷ። የሦስተኛውንም ነቅላ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ መብራት አበራች፤ ከሥሩ ዘይት አቁሯል። "ከላይ ዘይቱን የሚያግደው ጓርኒሲዮን አርጅቶ ያፈሳል። ኮይሉ በዘይት ተነክሮ ነው የተሰነጠቀው። ኮይሉን ብቻ ቀይረን ብንልክዎት ጥቂት ወር ቆይተው በዚያው በሽታ ይመለሱ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች ወደ መካኒኩ ዞራ፤ "ካንዴላዎቹን ስትቀይር ይህን ዘይት አላየኸውም?"

መካኒኩ ለመዋሸት አልሞከረም። "አይቼዋለሁ። በጨርቅ ጠርጌ ገጠምኩት።"

ጋሽ ፍሬቻ እንደገና እሳት ለበሱ። "ጠረግከው? ጠርገህ ገጠምከው!" ካሉ በኋላ ግን ድንገት ቆሙ። የእትዬ "ያዞረኛል" እና የራሳቸው "ተኚበት" ጆሯቸው ላይ አቃጨለ። ከጎማ ክምር ላይ ተቀመጡና፣ "ልጄ" አሉ፣ "በመኪናው ውስጥ ያንን ሁሉ ስትነግሪኝ እጅሽን መታሁ። ትክክል አልነበርኩም። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። እንዲህ ከሆነ የእኔ ጆሮ፣ የዚህ ሰው ጆሮ፣ ያ ሁሉ ዘመን በከንቱ ነው?"

"እንዴት በከንቱ ይሆናል፣ ጋሼ? መንቀጥቀጡን ጆሮዎ ሰምቶት ነበር፤ እትዬ ሽታውን በአፍንጫቸው ለይተውት ነበር። ችግሩ የሰማነውን አለመከታተላችን ነው። ጆሮም ይጠቁም፣ መብራትም ይጠቁም፤ ከዚያ በኋላ ግን በግምት ሳይሆን በሙከራ፣ ከቀላሉ ጀምሮ፣ አንድ በአንድ ነው የሚኬደው። ዕቃ የሚገዛው በመጨረሻ ነው።"

ያን ቀን መካኒኩ ራሱ ጓርኒሲዮኑንና ኮይሉን ቀየረ፤ መምህርቷም በግለት የተበላሸችውን የጭስ ማጥሪያ አስለወጠች። ሞተሩ በመጀመሪያው ዙር ተነሣ። ጋሽ ፍሬቻ እጃቸውን መሪው ላይ ጣሉ፤ መሪው ዝም ብሏል። መብራቷ ቁልፍ ሲዞር በራችና ሞተሩ ሲነሣ ጠፋች፤ ማንም ሳይሸፍናት፣ በራሷ።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ጥቅም ጋሽ ፍሬቻ ለሰሚ ሁሉ ይዘረዝራሉ። ያ ዳገት ላይ የሚያምጥ መኪና አሁን ከአውቶቡሱ ፊት ይወጣል። ቤንዚን ማደያ የሚመላለሱት ቀንሷል። ጎረቤቶቻቸው ጠዋት ጠዋት መስኮት የሚያስዘጋቸው ጭስ ቀርቷል። ሰው ሲጠብቁ ሞተሩን ያጠፋሉ፤ አልነሣም ይለኛል የሚል ስጋት የለባቸውምና። እትዬም ለቁጥጥር ሲመለሱ ባለቤታቸው ሐኪሙን፣ "እግሯን ሳይሆን መጀመሪያ ለምን እንደወደቀች እይልኝ" አሉት። ሲለካ የደም ግፊት ተገኘባቸው። መድኃኒት ጀመሩ፤ ማዞሩ ተዋቸው። መካኒኩ ጆሮም በትምህርት ቤቱ የማታ ክፍል ገብቶ ይማራል። በጋራዡ በር ላይ "እዚህ መብራት አናጠፋም፤ የበራችበትን ምክንያት እንፈልጋለን" የሚል ጽፎ ለጥፏል። መጀመሪያ ደንበኛ የሸሸው መስሎት ነበር፤ አሁን ተራ ይጠበቃል።

ጋሽ ፍሬቻ ግን ቁጣቸው አልበረደም፤ አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ። በቅርቡ ተማሪ የሚያመላልስ አሮጌ ሚኒባስ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ከጎናቸው ቆመ። ቀና ብለው በመስኮቱ ቢያዩ፣ ቢጫዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ከኋላ ልጆች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ጋሽ ፍሬቻ መኪናቸውን ዳር አስያዙና ወርደው ከሚኒባሱ ፊት ቆሙ።

"አባት፣ ምን ሆኑ? ከመንገድ ላይ ይውጡ እንጂ!" አለ ሾፌሩ።

"አልወጣም! ይህች መብራት ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የምትለው?"

"እሷማ ሁልጊዜ ናት። ውሸታም ናት።"

"ውሸታም!" ጋሽ ፍሬቻ ድምፃቸው መንገዱን ሞላው። "እነዚህን የሰው ልጆች ጭነህ ውሸታም ትላታለህ? ምን እንደምትል ጠይቀሃታል? አንድ ቀን ጠይቀሃታል?"

"ለሥራ ቸኩያለሁ፤ ምን አገባዎት እርስዎ?"

"ሚስቴ ልትቃጠል ነበር! ይህ ነው ያገባኝ። ከፈለግህ ግጨኝ፤ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!"

ከኋላ መኪኖች ተደረደሩ፤ ጩኸቱ በረከተ። ሾፌሩ ተሳደበ፣ አማረረ፣ ሰዓቱን አየ። ሽማግሌው እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ዘርግተው እንደ ግንብ ቆመዋል። በመጨረሻ ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ የልጆቹን ፊት አየ፤ ወደ መብራቷም አየ። ሞተሩን አጠፋና በሩን ከፍቶ ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ እግረኛው መንገድ አወረደ።

"በል እንግዲህ" አሉ ጋሽ ፍሬቻ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ፣ "አሁን ኮፈኑን ክፈትና እንነጋገር።"